ከጭብጨባው በኋላ የተሰማው ሳቅ

ጋሼ ቴፕ ዕድሜህን ሙሉ ምን ስትሠራ ኖርክ ተብሎ ሲጠየቅ «ጭብጨባ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ይስቃል፤ እሱ አይስቅም። ቀልዱን አይደለማ! በመንግሥት የፊልም ድርጅት ውስጥ፣ የድምፅ ክፍል በምትባል ጠባብ ጓዳ ተቀምጦ ጸጉሩ የሸበተው ጭብጨባ ሲቀዳ፣ ጭብጨባ ሲቆርጥና ጭብጨባ ሲቀጥል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅኝ ገዢዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ለድርጅቱ የተዉለት ካሜራ ምስል እንጂ ድምፅ አይቀዳም ነበር። የመሪው ንግግር ከሬዲዮ ጣቢያው ይመጣል። የሕዝቡ ጭብጨባ ግን ከማይክሮፎኑ ስለሚርቅ፣ አደባባዩ ጢም ብሎ ቢሞላም እንኳ ሲሰማ ቆርቆሮ ላይ የሚንጠባጠብ ካፊያ ይመስላል። የክፍሉ አለቃ «ይሄ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ቁርስ አልበላም እንዴ?» እያለ ይቆጣ ነበር። በመጨረሻ ታይፒስቶቹን፣ ሹፌሮቹን፣ ሒሳብ ሹሙንና የጽዳት ሠራተኞቹን ቀረጻ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ መዳፋቸው እስኪቀላ አስጨበጨባቸውና በአንድ ቴፕ ላይ አስቀዳው። ከዚያ ወዲያ መሪው ድልድይ ሲመርቁ ያው ቴፕ፣ ሆስፒታል ሲከፍቱ ያው ቴፕ። በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርዱ ደግሞ ያወረዷቸው መኮንን ሲፎክሩም ያው ቴፕ። ሒሳብ ሹሙ መሪውንም፣ መሪውን የጣሉትንም በእኩል ፍቅር አጨብጭቦላቸዋል ማለት ነው። ይህን ውለታውን ሳያውቅ ጡረታ ወጣ።

መሪው ስል የትኛው እንዳትሉኝ፤ የመጀመሪያው ናቸው። እኚህን ሰው አንዱ «አባታችን» ይላቸዋል፣ ሌላው «ያ አረመኔ» ይላቸዋል። እኛ ጠብ ስለማንፈልግ «መሪው» ብለን እንለፍ። ሰውዬው ከሞቱ በኋላም ዕረፍት አላገኙም፤ ዘጋቢ ፊልም በላይ በላዩ ይሠራባቸዋል። ባለፈው ዓመት ወዳጆቻቸው የሠሩት ፊልም ሲታይ ሰፈሩ አለቀሰ። ዘንድሮ ደግሞ አንዲት ወጣት ፊልም ሠሪ የራሷን ይዛ መጣችና ሰፈሩ ተጣላ። ጋሼ ቴፕን ያስገረመው የሁለቱ ፊልሞች ምስል አንድ መሆኑ ነው። በአንደኛው መሪው ሕፃን ሲያቅፉ ዋሽንት ይንቆረቆራል፤ በሌላው ያንኑ ሕፃን ሲያቅፉ ከበሮ ይደልቃል፣ ተመልካቹም ለሕፃኑ ይሰጋል። ጋሼ ቴፕ ሁለቱንም ያምናል። ልጁ የተወለደችው መሪው ባሠሩት ሆስፒታል ነው፤ የሚስቱን ወንድም ያሰሩትም እኚሁ መሪ ናቸው። አንዱን አስታውሶ ሌላውን የሚረሳ ጭንቅላት አልተሰጠውም።

አዲሱ ፊልም የታየ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከልጁ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። እሷ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች፤ እሱ ካልሲ እንዲያጣምድ ተሰጥቶት የማይመሳሰሉትን እየመረጠ ያጋባል። ስክሪኑ ላይ መሪው ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው «ከዛሬ ጀምሮ በዚህች አገር ተርቦ የሚያድር ሰው አይኖርም!» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ።

«እኔ ነኝ ይሄ» አለ ጋሼ ቴፕ እንደ ልማዱ።

ከዚያ ጭብጨባው ሳስቶ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት ሳቀች። ለይሉኝታ የሚሳቅ ሳቅ አልነበረም። ከሆድ የመጣ፣ አፍን በእጅ ቢይዙት በጣት መሃል የሚያፈተልክ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጥሮት እንደ ስቅታ የሚቆረጥ ሳቅ ነው።

ልጁ የያዘችውን ፎጣ ለቀቀችው። «አባዬ! ይሄ የእማዬ ሳቅ አይደለም?»

ጋሼ ቴፕ ካልሲ በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። የአገር ድምፅ ሲቀዳ የኖረ ሰው የገዛ ሚስቱን ድምፅ ቤቱ ውስጥ አንድም ቀን አልቀዳም። ሳቋ የነበረበት ያ የጭብጨባ ቴፕ ደግሞ ድርጅቱ አዲስ መሣሪያ ሲያስገባ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ተጠርጎ ወጥቷል። አሁን ግን ሳሎኑ መሃል ሳቀች። ናፍቃው ነበር፤ እጅግ በጣም ናፍቃው ነበር።

የፊልሙ ተራኪ ቀጠለ። ዜና ፊልሙ ከባሕር ማዶ ካለ የፊልም ማከማቻ መገኘቱን፣ ስሟ ያልታወቀችው ይህቺ ሴት በሕዝብ ፊት በአምባገነኑ ላይ የሳቀች ብቸኛዋ ዜጋ መሆኗን፣ ምናልባትም ለሳቋ በሕይወቷ ከፍላ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። ጋሼ ቴፕ ሚስቱ የሞተችው በኩላሊት መሆኑን ለተራኪው ሊነግረው አፉን ከፈተ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ መልሶ ዘጋው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበሩ።

መምህሩ ይሏቸዋል፤ ሒሳብ አስተማሪ ነበሩና። «እስር ቤት ሆነን ከዘበኞቹ ሬዲዮ ነው የሰማነው» አሉ መምህሩ ካሜራውን ትክ ብለው እያዩ። «ያን ዕለት ምግብ አልመጣልንም። ሰውዬው ማንም አይራብም አለ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ያቺ ሴት ሳቀች። እርስ በርስ ተያየንና አንድ ክፍል እስረኛ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ያን ሰሞን ለመሞት ወስኜ ነበር። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ያተረፈችኝ ግን እሷ ናት።» ዐይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

አባትና ልጅ ተያዩ። ነገሩን የባሰ የሚያደርገው እኚህ ሰው ከእህታቸው ጋር እስክትሞት ድረስ አለመታረቃቸው ነው። መምህሩ የታሰሩ ጊዜ እህትየው የመንግሥት ታይፒስት ነበረች። ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ድረስ ትሄዳለች፤ ስምሽን አስመዝግቢ ስትባል ፈርታ ትመለሳለች። በሌላ ቀን ትሄዳለች፤ ደግሞ ትመለሳለች። ዘበኞቹም «እህትህ ዛሬም መጥታ ፈርጥጣ ሄደች» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። ጭራሽ ባትመጣ ይቅር ይሏት ይሆናል። መጥታ መመለሷን ግን አንጀታቸው አልቻለውም። ከተፈቱ በኋላ ቤቷን አልረገጡም። ጋሼ ቴፕን መንገድ ላይ ሲያገኙት ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንዴት ዋሉ?» ይሉታል፤ ታናሻቸውን አንቱ ማለታቸው ከክብር ሳይሆን ከብርድ የመጣ ነው። እሷ በመጨረሻው ሳምንት አልጋዋ ላይ ሆና «ወንድሜ አልመጣም?» ትል ነበር። ለቀብሯ መጥተው ከኋላ ቆሙ፣ የጋሼ ቴፕን እጅ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ሄዱ። ጋሼ ቴፕ ከዚህ ዓለም የቀረው አንድ ምኞት እኚህ ሰው አንዴ እንኳ «እህቴ» ሲሉ መስማት ነው።

በነጋታው የመሪው ወዳጆች ጋዜጣ ላይ ወጡ። «ሳቁ በኋላ የተለጠፈ ነው! አደባባዩ ላይ ማንም አልሳቀም!» አሉ። ጋሼ ቴፕ ይህን ሲያነብ ሻዩ ትን አለው። እውነታቸውን ነዋ! አደባባዩ ላይ ማን ሳቀና?

የሳቀችው ቀረጻ ክፍል ውስጥ ነው። ያ የጭብጨባ ቴፕ በተቀዳ ዕለት ጋሼ ቴፕ ገና ቀጫጫ ጎረምሳ ነበርና፣ ወንበር ላይ ቆሞ ሠራተኞቹን ያስጨበጭብ ነበር። እጁን ሲያነሣ ያጋግላሉ፣ ሲያወርድ ያበርዳሉ። ሲጨርስ ቴፑን ሊያጠፋ የኋሊት ወረደና እግሩ ወረቀት መጣያው ቅርጫት ውስጥ ጥልቅ አለ። ድምፅ እንዳይሰማ ብሎ፣ ፊቱን እንደ ዳኛ ኮስተር አድርጎ፣ ቅርጫቱን እንደተጫማ ወደ መሣሪያው መራመድ ጀመረ። አዲሷ ታይፒስት አልቻለችም። ሳቀች። ቴፑ እየዞረ ነበር።

አለቃው «ያቺን ሳቅ ቁረጣት» አለው። ጋሼ ቴፕ «እሺ» አለ፤ አልቆረጣትም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ብቻውን ተቀምጦ ይሰማት ጀመር። ልቡ እንደተሰረቀ የገባው ከሴትየዋ በፊት ከቴፑ ጋር ሆኖ ነው። ከዚያ ሻይ ጋበዛት፣ ከዚያ ተጋቡ፤ ቅርጫቱ ሚዜ መሆን ነበረበት እያሉ ሲቀልዱ ኖሩ። ዜና ፊልም ባዘጋጀ ቁጥር ሳቁ ከመድረሱ በፊት የድምፁን ቁልፍ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ያወርዳል። እጁ ለምዶታል፤ እንቅልፍ ይዞትም ቢሆን አይስትም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሳተ። ስለ ረኃቡ የተነገረውን ንግግር በሚያዘጋጅበት ዕለት ሚስቱ ከሐኪም ቤት ተመልሳ በክፍሉ በር መስታወት በኩል ብቅ አለች። መግባት ክልክል ስለሆነ ምንም አልተናገረችም፤ ጣቷን ሆዷ ላይ አድርጋ ብቻ አሳየችው። ጋሼ ቴፕ አባት ሊሆን መሆኑን ያወቀው እጁ ቁልፉ ላይ እያለ ነው። እጁም እዚያው ቀረ። ሳቁ በመሪው ንግግር ላይ ተቀመጠ፣ በድጋሚ እንዲተላለፍ ለሬዲዮ ተላከ፣ ለሲኒማ ቤቱ ተላከ፣ ባሕር ተሻገረ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ምንም! አለቃው ሰማ፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ፤ ዝም አለ። ሚኒስትሩ ሰሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አየሩ ጠባይ ጠየቁ። ሳቅ ሰማሁ የሚል ሰው ንግግሩ ውስጥ የሚያስቅ ነገር አገኘሁ ማለቱ ነዋ፤ ይህን የሚል ጀግና ከየት ይምጣ? ቢሮው ከላይ እስከ ታች ደንቁሮ ዋለ። ፊልሙ ድምፁን አጥፍቶ ከሲኒማ ቤት ወጣ፣ ጋሼ ቴፕም ከነጭንቅላቱ ጡረታ ለመውጣት በቃ።

ፊልም ሠሪዋ ሴትየዋን የሚያውቅ ካለ ይንገረን ብላ ስልክ ቁጥር አስቀምጣ ነበርና የጋሼ ቴፕ ልጅ ደወለችላት። መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ታሪኩን ከጥግ እስከ ጥግ ሰማች፣ ቅርጫቱ ጋ ስትደርስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ጀግናዬን ገደሉብኝ እኮ!» አለች። ትስቃለች፣ ግን ዐይኗ ተጨንቋል። «በቴሌቪዥን የታየው አጭሩ ነው፤ ሙሉው ፊልም ለሲኒማ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። እውነቱን አስገባለሁ፤ አለማስገባት አልችልም። መምህሩን ግን ምን እላቸዋለሁ?»

«አንቺ ምንም አትዪ፣ ልጄ። ከፊልም ላይ ሳይሆን ከእኔ አፍ ይስሙ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ልጁ ሌላ ሐሳብ አመጣች። «አባዬ፣ ቅርጫቱን ለምን ታነሣለህ? እማዬ አውቃ ነው የሳቀችው በለው። ንግግሩን ሰምታ ስላናደዳት፣ ወንድሜን አስሮ ደግሞ እንዲህ ይላል ብላ። እሱም ይቅር ይላታል። ማን ይጎዳል?»

«ፊልም ሠሪዋስ?»

«እሷን ለእኔ ተዋት።»

«ዋናዋ ጥፋተኛ እኮ አንቺ ነሽ» አላት ጋሼ ቴፕ። «ባትረገዢ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።» ቀለደ እንጂ ሐሳቡ ልቡን በላው። አንዲት ውሸት ነች። ለመንግሥት ስንት ጭብጨባ የዋሸ ሰው ለሚስቱ አንዲት ሳቅ ቢዋሽላት ምን አለበት? ገላውን ሲታጠብ ይለማመዳት ጀመር። «አውቃ ነው የሳቀችው... ስለ እርስዎ ብላ ነው የሳቀችው...» ድምፁ ጥሩ ነበር። የድምፅ ሰው አይደል?

ፊልም ሠሪዋን ይዞ መምህሩ ማስተማር ካቆሙ በኋላ ወደከፈቷት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። ከትምህርት ቤት ጀርባ ያለች፣ ሁለት ማሽንና አንድ አግዳሚ ወንበር የያዘች ጠባብ ቤት ነች። መምህሩ የአንዲት ተማሪ መታወቂያ ግልባጭ እያወጡ ነበር። ቀና ብለው ጋሼ ቴፕን ሲያዩ ፊታቸው ተዘጋ።

«እንዴት ዋሉ? ምን ይገለበጥልዎት?»

«የሚገለበጥ የለም። የሚሰማ ነው ያመጣሁት» አለ ጋሼ ቴፕ። ተማሪዋ እስክትወጣ ጠበቀ። ከዚያ ፊልም ሠሪዋ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ሳቁን ከፈተችው።

መምህሩ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅ «አገኛችኋት? ማን ነች?» አሉ።

«እህትዎ ነች።»

ማሽኑ የቀረውን ወረቀት ተፍቶ ቆመ። መምህሩ ባንኮኒውን ያዙ። ከዚያ ጋሼ ቴፕ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ብርሃን ፊታቸው ላይ ወጣ፤ ሽማግሌው እንደ ልጅ ሆኑ።

«ያን ጊዜም እኮ መስሎኝ ነበር! የእኛ ቤት ሳቅ ነው ብዬ ነበር። ግን እሷ አትደፍርም፣ ከየት አምጥታ ትደፍራለች ብዬ ተውኩት።» ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አሉ። «ደፍራ ነበር? ንገረኝ እስቲ። አልፈራችም ነበር?»

ውሸቷ በጋሼ ቴፕ ምላስ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረው። ሚስቱን ግን አሰባት። በር በተንኳኳ ቁጥር የምትደነግጠውን፣ ነጎድጓድ ሲሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ የምትገባውን፣ ያንን የስንቅ ዘምቢል ይዛ ወጥታ ዘምቢሉን ይዛ የምትመለሰውን፣ ተመልሳም ወጥ ቤት ገብታ የምታለቅሰውን። አሁን አዎ ካለ መምህሩ ይቅር የሚሉት ሌላ ሴትዮ ነው። የእሱ ሚስት ይቅር ሳትባል ልትቀር ነው።

«ፈሪ ነበረች» አለ። «ከዚህ ዓለም ሰው ሁሉ ፈሪዋ እሷ ነበረች። በመሪው አይደለም የሳቀችው፤ በእኔ ነው።» ከዚያ አንድ በአንድ ነገራቸው። ጭብጨባውን፣ ወንበሩን፣ ቅርጫቱን፣ የበሩን መስታወት፣ ሆዷ ላይ ያረፈችውን ጣት። በመምህሩ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየ። በሩን ዘግተው ቢያስወጡት እንኳ አይፈርድባቸውም። ከዘምቢሉ ጋር ስንት ቀን እንደተመለሰች፣ ስትሞትም ወንድሜ አልመጣም ወይ እያለች እንደሞተች ጨምሮ ተናገረ።

መምህሩ የወረቀት ቁልል አነሡ፣ ዳርና ዳሩን አስተካክለው መልሰው አስቀመጡት።

«የትኛው እግርህ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እ?»

«ቅርጫቱ ውስጥ የገባው።»

«ቀኙ» አለ ጋሼ ቴፕ ግራ ገብቶት።

«እንግዲያው ያን ሁሉ ዘመን...» አሉ መምህሩ፤ ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። «ያ ሁሉ እስረኛ፣ ምሁሩ፣ ጠበቃው፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ፀረ መንግሥት ሳቅ ነው ብለን የሳቅነው በአንተ እግር ነው?» ከዚያ በኋላ መናገር አልቻሉም። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ሳቁ በጣታቸው መሃል አፈተለከ፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። ጋሼ ቴፕ ሲሰማ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲስቁና ሲያለቅሱ ፎቶ ኮፒ ልታስነሣ የገባች ሴትዮ ደንግጣ ተመለሰች።

ፊልም ሠሪዋ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ሲረጋጉ ጠበቀች። «መምህር፣ በፊልሙ ላይ የተናገሩትን ላውጣው? እውነቱ ሌላ ሆኖ ስለተገኘ ብዬ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው? ሳቁን ሰምቻለሁ፣ ስቄያለሁ፣ ሳልሞት ወጥቻለሁ። ይሄ ሁሉ ሆኗል። አታውጪው» አሉ መምህሩ። «ካሜራሽን ክፈቺና ይሄንንም ጨምሪበት። ቅርጫቷን እንዳትረሺ።»

ካሜራውን አቆመች፣ መብራቱን አስተካከለች፣ ኮሌታቸውን ቀና እንዲያደርጉ ጠየቀቻቸው። «ንግግርዎ ሲታይ ከስምዎ ሥር ማን እንደሆኑ ይጻፋል» አለች። «እስካሁን ‹የቀድሞ የፖለቲካ እስረኛ› ነው የሚለው። እንዳለ ልተወው?»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

«እሱን አጥፊውና ‹ወንድሟ› ብለሽ ጻፊ» አሉ።